የምኒልክ መኪናና የጣርማበር ዳገት

አባቴ ያረጀች የቤንዚን ፒክአፕ አለችው። ከሚሴ ውስጥ ስትሄድ ምንም አትልም። ደብረ ሲናን አልፋ ጣርማበር ዳገት ላይ ስትደርስ ግን ጥቁር ጭስ ትለቃለች፤ ከአንደኛ ማርሽ አልወጣም ትላለች። አምና ያያት መካኒክ «ሞተሩ ይውረድ» አለ። አባቴ ዋጋውን ሲሰማ ሊሸጣት ቆረጠ። እኔ ደግሞ ያን ሰሞን ወደ አገራችን ስለገባችው የመጀመሪያዋ መኪና እያነበብኩ ነበር።

አሜሪካ ውስጥ ቻርልስና ፍራንክ ዱርዬ (ስማቸው ነው፣ ስድብ አይደለም) አሮጌ የፈረስ ጋሪ ገዝተው ባለ አንድ ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር ገጠሙበትና እ.ኤ.አ. በ1893 ስፕሪንግፊልድ ከተማ መንገድ ላይ ነዱት። አሥራ አራት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በእኛ በ1900 ዓ.ም.፣ እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ሲድሊ የምትባል መኪና ከጅቡቲ በኩል አምጥቶ አዲስ አበባ ለአፄ ምኒልክ አደረሰ። ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልትስም በዚያው ሰሞን ሌላ መኪና ይዞ ገብቷል። ለመኪና ተብሎ የተሠራ መንገድ የለም፤ ያለው የግመልና የበቅሎ መንገድ ነው። ታሪኩን የሚያወሩ ሰዎች የሚያነሱት ይህንኑ ነው። እኔን የገረመኝ ግን ከፍታው ነው።

ጅቡቲ ባሕር ዳርቻ ናት፤ አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነች። እዚያ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ፒስተኑ በአንድ ስቦሽ የሚያገኘው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል። ካርቡሬተር ደግሞ ይህን አያውቅም። የሚያልፈው አየር ቤንዚኑን በጠባብ ቀዳዳ ስቦ ያወጣዋል፤ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑም ይቀንሳል፣ ግን የአየሩን ያህል አይቀንስም። ስለዚህ ድብልቁ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ያልተቃጠለው በጭስ ይወጣል። ዘመናዊዎቹ መኪኖች አየሩን በሴንሰር ለክተው ቤንዚኑን ያስተካክላሉ። ለቤንትሌይ መኪና ግን ይህን የሚያደርግላት አልነበረም።

የእኛዋም ያው ናት። ከሚሴ 1,400 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ ጣሊያኖች በወረራው ጊዜ የሠሩት የጣርማበር ዋሻ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በአንድ ጠዋት ይህን ሁሉ እንወጣለን!

አባቴን «ከመሸጥህ በፊት ኮምፕሬሽን እንለካ» አልኩት። «አንተ ገና ተማሪ ነህ» አለኝ፣ ግን ፈቀደ። አራቱም ሲሊንደሮች ተቀራራቢ ሆኑ፤ ሞተሩ አልሞተም። የአየር ፊልትሮው ግን በአቧራ ተደፍኗል። ካርቡሬተሩ ውስጥ የቤንዚኑን መጠን የሚወስነው ተንሳፋፊም ከልኩ ከፍ ብሎ ነበር። ሁለቱም ቤንዚን ያበዛሉ፤ ከሚሴ ላይ ሳይታወቅ ይቆይና ከፍታው ሲጨመርበት ይወጣል። ተንሳፋፊውን በልኩ መለስነው። ቤንዚኑን ከዚያ በታች ለጣርማበር ብለን አልቀነስነውም፤ እንደዚያ ቢሆን ቆላው ላይ አየር በዝቶበት ሞተሩ ይግላል፣ ቫልቭም ያቃጥላል።

ፒክአፗ አልተሸጠችም። ጣርማበር ላይ አሁንም ታዘግማለች፤ ግን በሁለተኛ ማርሽ።