የኮሌራ መርዝ ከወዴት እንደ መጣ

ሁለት መጻሕፍትን የሚያስተያይ ሊቅ አንድ ቃል በሁለቱም ሳይለወጥ ቢያገኝ፥ አንዱ ከሌላው እንደ ተገለበጠ ያውቃል። የፍጥረትን ምሥጢር የሚመረምሩ ሊቃውንትም እንደዚሁ ያደርጋሉ። በዐይን የማይታየው ባክቴሪያ ዲ.ኤን.ኤ. የሚባል፥ በአራት ፊደል ብቻ የተጻፈ መጽሐፍ በሰውነቱ ይዟል። ከእርሱ እጅግ የሚያንሰው፥ ባክቴሪያን የሚወረው ቫይረስም የራሱ ጽሕፈት አለው። ሁለቱ ጠላቶች ሲሆኑ፥ በብዙ ስፍራ አንድ ዐይነት ቃል ተጽፎባቸው ይገኛል።

ለዚህ ነገር አስረጂው ኮሌራ ነው። የኮሌራ ባክቴሪያ መጽሐፍ 4 ሚሊዮን ያህል ፊደል አለው። ሰውን በተቅማጥ የሚያደርቀው መርዝ የሚሠራበት ትእዛዝ ግን ከባክቴሪያው የመጣ አይደለም። 7 ሺህ ያህል ፊደል ያለው ቫይረስ ገብቶ ጽሕፈቱን ጨመረበት፤ በኅዳግ የተጻፈ ቃል በገልባጭ እጅ ወደ ንባቡ እንደሚገባ ማለት ነው። ባክቴሪያውም ሲራባ የተጨመረውን ለዘሩ ያወርሳል። ይህን በ1988 ዓ.ም. ዋልዶርና መካላኖስ የተባሉ የአሜሪካ ሊቃውንት ገለጡ፤ ቫይረሱ ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ መሻገሩም በአይጥ አንጀት ውስጥ እንደሚበረታ አሳዩ።

ደዌው ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1858 ዓ.ም. በጣና ዳር በዐፄ ቴዎድሮስ ሰፈር ገብቶ ብዙ ሰው ፈጀ። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በባሌ ተነሥቶ ወደ ብዙ የአገሪቱ ክፍል ተዛመተ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ብዙ ምእመናን በሚሰበሰቡበት፥ በቋራ በበርሚል ጊዮርጊስ ጸበል ስፍራ ታየ።

ይህ ነገር ለአዊም ሩቅ አይደለም። ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ በዳንግላና በእንጅባራ ያልፋል፤ ከእንጅባራም ወደ ቻግኒ የሚወስደው ይገነጠላል። መንገደኛ፥ ነጋዴና ተሳላሚ በሚያልፍበት አገር የአንዱ እድፍ ለሌላው መጠጥ እንዳይሆን መጠበቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሹማምንት ምንጭን ማስከለልና መጸዳጃ ማስቆፈር ይገባቸዋል። ካህናትም በንግሥ ቀን የተሰበሰበው ሕዝብ የሚጠጣውን ውኃ እንዲያፈላ፥ እጁን በሳሙና እንዲታጠብ፥ የታመመውንም ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወስድ ቢመክሩ የብዙ ሰው ነፍስ ያድናሉ፤ ከሰውነቱ የፈሰሰው ውኃና ጨው በጊዜው የተተካለት ሕመምተኛ አብዛኛውን ጊዜ ይድናልና።

የተጨመረውን ቃል ከባክቴሪያው መጽሐፍ ልንፍቀው አንችልም፤ ባክቴሪያው ወደ ምንጫችን እንዳይገባ መከልከል ግን በእጃችን ነው።