የማያም እብጠት በልጅ መንጋጋ ላይ

በአጅማን አል ጁርፍ፣ ከጋልፍ ሜዲካል ዩኒቨርሲቲ ጋር የሚሠራ የጥርስ ሆስፒታል አለ። ማዳም ሥራ ስትሆን ልጁን ወደ እንዲህ ያለ ቦታ ይዛ የምትሄደው ብዙ ጊዜ ሞግዚቷ ናት። ሐኪሙ «ወረም» ቢል አትደንግጡ፤ ቃሉ በዐረብኛ ለተራ እብጠትም ለዕጢም ያገለግላል። መስማት ያለባችሁ ቀጥሎ የሚመጣውን ነው። «ኸቢስ» ካለ ካንሰር ነው። «ሐሚድ» ካለ ካንሰር አይደለም፤ ሐሚድ ሲተረጎም «ምስጉን» እንደማለት ነው።

በልጆች መንጋጋ ላይ የሚወጣ ዕጢ ብርቅ ነው፤ ከሚወጣውም አብዛኛው ሐሚድ ነው። ስሙ ግን ትንሽ ያታልላል። አሜሎብላስቶማ የሚባለው ለምሳሌ ካንሰር ባይሆንም፣ ሳያም ቀስ እያለ አጥንቱን ይበላል። በትንሹ ከተደረሰበት ቀዶ ጥገናው ቀላል ሊሆን ይችላል። ከቆየ ግን የመንጋጋው አጥንት ተቆርጦ ከእግር ወይም ከዳሌ በሚወሰድ አጥንት ይተካል። ርዝራዡ ከቀረ ተመልሶ ስለሚያድግ፣ ከሕክምናው በኋላም ለዓመታት ክትትል ያስፈልጋል።

ልጅ ስታጥቡ ወይም ጥርሱን ስታቦርሹ ይህን አስተውሉ፦ አንዱ ጉንጭ ከሌላው በልጦ ካበጠ፣ ጥርስ ያለ ምክንያት ከተነቃነቀ ወይም ቦታውን ከለቀቀ፣ በጊዜው መብቀል ያለበት ጥርስ ከቀረ ለማዳም ንገሯት። «ሕመም የለውም» የሚለው መልስ አያረጋጋ።

አገር ቤት ልጅ ትታችሁ የመጣችሁ ደግሞ በኢሞ የምታዩት ፊት ብዙ አያሳይም፤ ምስሉ ይደበዝዛል፣ ልጁም ይስቃል። ሳይስቅ፣ በመስኮት ብርሃን፣ ፊት ለፊት የተነሣ ፎቶ በየወሩ ይላክላችሁ። ሁለቱን ጉንጮች አስተያዩ። አያት «ጥርስ እያወጣ ነው» ይሉ ይሆናል፤ ራጅ ሳይነሣ ግን ጥርስ አይነቀል፣ እብጠቱም አይበጣ፣ አይታሽ።

በቀናትና በሳምንታት የሚያድግ እብጠት ካለ ጉዳዩ ሌላ ነው። ሐኪሙ ዴኒስ ቡርኪት እ.ኤ.አ. በ1958 ከኡጋንዳ የገለጸው የልጆች መንጋጋ ካንሰር እንዲህ ይሮጣል። ቶሎ ከታከመ በመድኃኒት የሚድን በመሆኑ አንድ ሳምንት እንኳ ማባከን አይገባም።

በአዲስ አበባ የካቲት 12 ሆስፒታል የፊትና የመንጋጋ ቀዶ ጥገና ይሰጣል። ፕሮጀክት ሐረር የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅትም ከገጠር የሚመጡ እንዲህ ያሉ ሕሙማንን ያግዛል። ቤተሰብ ሆስፒታል ሲደርስ ስልኩን ለሐኪሙ እንዲያቀብሉላችሁ አድርጉና «ናሙናው ተወስዷል? ውጤቱስ መቼ ይደርሳል?» ብላችሁ ራሳችሁ ጠይቁ።