«ሰለሪ» ተብሎ ስለሚታዘዘው ሥር

በቦሌና በምሥራቁ የአዲስ አበባ ክፍል ለሚገኙ ሆቴሎች አትክልት የሚያቀርብ ነጋዴ በትእዛዝ ወረቀት ላይ «ሰለሪ፥ 20 ኪሎ» የሚል ጽሕፈት ቢደርሰው፥ ከገበያ ገዝቶ የሚልከው አረንጓዴ አገዳ ያለውን ነው። ትእዛዙን የጻፈው የወጥ ቤት ኃላፊ የጀርመንን ወይም የፈረንሳይን ምግብ የሚያሰናዳ ከሆነ ግን የፈለገው ሥሩን ሊሆን ይችላል። ዕቃው ተመልሶ ሲመጣ አገዳው ጠውልጎ ስለሚያድር ኪሳራው በነጋዴው ላይ ይወድቃል።

ባለአገዳው፥ ባለቅጠሉና ባለሥሩ ሰለሪ በዕፅዋት ሊቃውንት ዘንድ አንድ ዘር ናቸው፤ ልዩነታቸው የመጣው አትክልተኞች በብዙ ዘመን ምርጫ አንዱን ለአገዳው፥ አንዱን ለቅጠሉ፥ አንዱንም ከመሬት ጋር ለሚያብጠው ግንዱ ብለው በማሳደጋቸው ነው። ባለሥሩን እንግሊዞች ሰለሪያክ፥ ፈረንሳዮች ሴለሪ ራቭ፥ ጀርመኖች ክኖለንዜለሪ ይሉታል። መልኩ አያምርም፤ ቡናማ፥ ሸካራና ጭራ በበዛበት ሥር የተከበበ ነው። ሲላጥ ግን ነጭ ሥጋ ይወጣዋል፤ ጣዕሙም የሰለሪ ሽታ ያለው፥ ለስለስ ያለ ነው። ለሾርባ ይሆናል፥ ከድንች ጋር ተቀቅሎ ይፈጫል፤ ፈረንሳዮችም ጥሬውን ፍቀው በማዮኔዝ ይበሉታል። በጾም አትክልት አልጫ ውስጥ ከካሮትና ከድንች ጋር ቢገባም የሚያስነውር አይደለም። የተቆረጠው ቶሎ ስለሚጠቁር ሎሚ በተጨመቀበት ውኃ መንከር ይገባል።

በአገር ውስጥ ለማብቀል የሚያስብ ገበሬ በመጀመሪያ ትዕግሥት ያስፈልገዋል። ዘሩ እጅግ ደቃቅ ነው፤ ብርሃን ስለሚፈልግም አፈር ሳይጫነው በላይ በላዩ ይዘራል፥ ለመብቀልም ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይፈጃል። ችግኙ ከ10 ሳምንት ያህል በኋላ ይዛወራል፤ ከዚያም አራት ወር ገደማ ይቆያል። ለጋ ችግኝ ከ10 ዲግሪ በታች ብርድ ለብዙ ቀን ቢያገኘው ሥሩን ትቶ ወደ አበባ ይሮጣል። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ስለሆነ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ለዚህ ችግኝ አደገኛ ነው። በየካቲት ተዘርቶ፥ በሚያዝያ መጨረሻ ተዛውሮ፥ ክረምቱን ጠጥቶ መስከረም ላይ ቢነቀል ይሻላል። ነገር ግን የአካባቢው ጥቁር መረሬ አፈር በክረምት ውኃ ስለሚያቁር ተክሉ ከፍ ባለ መደብ ላይ መሆን አለበት። የዘሩን ፓኬት ስም አጣርቶ ያልገዛ ገበሬም ስሕተቱን የሚያውቀው ከወራት ድካም በኋላ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ የውኃው ነው። በአቃቂ ወንዞች ዳርቻ የሚለማው አትክልት ከፋብሪካና ከቤት የሚወጣ ፍሳሽ በተቀላቀለበት ውኃ እንደሚጠጣ የታወቀ ነው፤ በጥናትም ከባድ ብረቶች ተገኝተውበታል። ሰለሪ ደግሞ ካድሚየም የተባለውን ብረት ከአፈር በመሳብ የታወቀ ተክል ነው። ይህም በማጠብ አይለቅም። ስለዚህ ነጋዴው ከዋጋው በፊት ማሳው የት እንደሆነና በምን ውኃ እንደሚጠጣ ቢጠይቅ፥ ከዝናብና ከንጹሕ ጉድጓድ ውኃ የመጣውንም ቢመርጥ ለደንበኛውም ለስሙም ይጠቅመዋል።

በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ሰለሪ፥ ሥሩም ጭምር፥ በአንዳንድ ሰዎች ላይ የሰውነት መቆጣት ስለሚያስነሣ በምግብ ላይ ስማቸው ተለይቶ መገለጽ ከሚገባቸው 14 ዓይነቶች አንዱ ነው። ወደ ውጭ የሚላክ ምግብ የሚያዘጋጅ ሁሉ ይህን አይዘንጋ።

በማስቀመጥ በኩል ሥሩ ከአገዳው እጅግ ይበልጣል፤ ቅጠሉ ተቆርጦለት፥ እርጥበት ባለውና ወደ ዜሮ ዲግሪ በቀረበ ቅዝቃዜ ለብዙ ወራት ይቆያል። ሲላጥ ግን ሩብ ያህል ክብደቱን፥ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያጣል። ስለሆነም ዋጋ ሲቈረጥ ኪሎው ከነልጣጩ ነው ወይስ የተላጠው የሚለው፥ ቅጠሉም በሚዛን ላይ መውጣት አለመውጣቱ፥ «ባለሥር» ከሚለው ቃል ጋር በትእዛዙ ወረቀት ላይ መጻፍ ይኖርበታል።