በአመክሮ የወጣው ሰው

ሕፃን በደፈረ ሰው ላይ ፍርድ ሲሰጥ ሁላችንም አስቀድመን የምንጠይቀው «ስንት ዓመት ተፈረደበት?» ብለን ነው። ቤልጂየምን ወደ 30 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ያስጨነቃት የማርክ ዱትሩ ጉዳይ ግን ሌላም ከባድ ጥያቄ አስነሥቷል፦ የተፈረደበትን ሰው ማን፣ ምን መርምሮ ይፈታዋል? ከተፈታስ በኋላ ማን ይከታተለዋል? (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዱትሩ በ1989 አምስት ልጃገረዶችን ጠልፎ በመድፈር 13 ዓመት ከመንፈቅ ተፈረደበት። ፍርዱ በተሰጠ በ3 ዓመቱ፣ በ1992፣ በአመክሮ ወጣ። ዐቃቤ ሕግ ተቃውሞ ነበር። የወለደችው እናቱ እንኳ ስጋቷን ለእስር ቤቱ ኃላፊ በደብዳቤ ገልጻለች። በጊዜው አመክሮ የመስጠት ሥልጣን የፍትሕ ሚኒስትሩ ነበርና በሚኒስትሩ ውሳኔ ተለቀቀ።

በሰኔ 1995 ሁለት የ8 ዓመት ሕፃናት በሊዬዥ አካባቢ ጠፉ። በነሐሴ ደግሞ ሁለት ወጣት ሴቶች በባሕር ዳርቻ አካባቢ ሳሉ የገቡበት ጠፋ። አራቱንም የጠለፈው ዱትሩ ነበር። ዣንዳርሜሪ የሚባለው የፖሊስ ኃይል ስለ ዱትሩ የሚያውቀው ጥቂት አልነበረም። ምድር ቤቱ ውስጥ ልጃገረዶች የሚደበቁበት ክፍል እየሠራ መሆኑን ገና በ1993 ከጠቋሚ ሰምቷል፤ በኋላም ሰውየውን በስውር ይከታተለው ነበር። የሕፃናቱን ጉዳይ ለያዘችው መርማሪ ዳኛ ግን ይህን ሁሉ በወጉ አላሳወቃትም። በታኅሣሥ 1995 ማርሲኔል የሚገኘው ቤቱ ሲፈተሽ የሕፃናት ድምፅ ተሰማ፤ ፈታሾቹ ድምፁ ከመንገድ የመጣ መስሏቸው ወጡ። ሁለቱ ሕፃናት በሐሰተኛ ግድግዳ ጀርባ ነበሩ። ዱትሩ በመኪና ስርቆት ታስሮ ሳለ በረሃብ እንደሞቱ ይታመናል። ይህን የሚያነብ ወላጅ ምን እንደሚሰማው መናገር አያስፈልግም።

ሰውየው ከዚያ እስር ወጥቶ በ1996 ሌሎች ሁለት ልጃገረዶችን ጠለፈ። እነዚህ በነሐሴ በሕይወት ተገኙ፤ ቀደም ብለው የጠፉት አራቱ ግን ሞተዋል። በጥቅምት 300,000 የሚሆን ሕዝብ ነጭ ለብሶ፣ ነጭ አበባና ፊኛ ይዞ ብራስልስ ወጣ። ከሰልፉ በስተጀርባ የነበሩት የልጆቹ ወላጆች ናቸው፤ የፖለቲካ ሰዎች ከዚያ በኋላ የመጣውን ለውጥ ያመጡት እነሱ ስለገፏቸው ነው ብዬ አምናለሁ። የፓርላማው አጣሪ ኮሚሽን የፖሊስ ተቋማቱን ፉክክርና የመረጃ መደባበቅ አጋለጠ። በ2001 ዣንዳርሜሪ ቀርቶ ፖሊስ በአዲስ መልክ ተዋቀረ። ከ2007 ጀምሮም አመክሮን የሚወስኑት የቅጣት አፈጻጸም ፍርድ ቤቶች ሆኑ፤ ተጎጂዎችም በዚያ ይደመጣሉ። ዱትሩ በ2004 ዕድሜ ልክ ተፈርዶበታል።

በ2012 ተባባሪው የነበረችው የቀድሞ ሚስቱ ከ30 ዓመት ቅጣቷ 16ቱን ታስራ ስትፈታ ቁጣው እንደገና ገነፈለ፤ በቀጣዩ ዓመት ሕጉ ከአመክሮ በፊት መታሰር ያለበትን ጊዜ አራዘመ። እዚህ ላይ ሁለቱንም ወገን መስማት ግድ ይላል። ዱትሩ የመጀመሪያ ቅጣቱን ሙሉ ታስሮ ቢሆን አራቱ ልጆች በዚያ ጊዜ አይሞቱም ነበር። ሆኖም 13 ዓመት ከመንፈቁም ያልቃል፤ በዚያን ዕለት ጠባዩን የመረመረ፣ ጎረቤቱን የሚያስጠነቅቅ፣ የጠቋሚን ቃል ከመዝገብ ጋር የሚያገናኝ ሰው ከሌለ አደጋው ዘገየ እንጂ አልቀረም።

እኛም አገር ሕፃን ደፍሮ በገደለ ሰው ላይ የተፈረደው 25 ዓመት በ2016 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) መጨረሻ «አነሰ» ተብሎ ብዙ ሰው ተቆጥቷል፤ ቁጣው ትክክል ነበር። በወንጀል ሕጋችን ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን የጨረሰ እስረኛ በአመክሮ ሊፈታ ይችላል፤ ከ25 ዓመት ይህ 16 ዓመት ከ8 ወር ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሲወጣ የት እንደሚኖር ማን እንደሚያውቅ፣ ሕፃናት በሚውሉበት ቦታ እንዳይቀጠር ማን እንደሚከለክለው ግን እኔ በተከታተልኩት ክርክር ሲነሣ አልሰማሁም።