የሕፃናት ሙዚቃዊ ቴአትር ከመድረክ ወደ ቴሌቪዥን፤ የተመልካች ልጆች ውይይት ለትምህርት ያለው ጥቅም

መግቢያ

ሕፃናት አንድ ጨዋታ ተመልክተው ዝም አይሉም። ቴአትሩ እንዳበቃ ወይም ቴሌቪዥኑ እንደ ተዘጋ ክርክር ይጀምራሉ። ክፉውን ሆኖ የተጫወተው ከጀግናው ይልቅ ለምን እንዳሳቃቸው፣ ዘፈኑ ለምን እንዳጠረ፣ በመድረክ ላይ ያዩት ነገር በቴሌቪዥን ለምን እንደ ተለወጠ ይጠያየቃሉ። ይህ ክርክር በብዙ ክፍሎች እንደ ጫጫታ ይቈጠራል። ይሁን እንጂ ልጆች ማነጻጸርን፣ ምክንያት መስጠትንና የሌላውን አሳብ ማድመጥን ያለ አስገዳጅ የሚለማመዱበት ጊዜ ቢኖር ይኸው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ውይይቱ ከምን እንደሚመነጭና በተለይ እንደ ላስታ ባሉ ደጋማ አካባቢዎች ለትምህርት እንዴት ሊውል እንደሚችል ማስረዳት ነው።

በአገራችን የነበረው መሠረት

በአገራችን የትምህርት ቤት ቴአትር ገና ከጅምሩ ከዜማ ጋር የተያያዘ ነበር። በጎጃም ደብረ ኤልያስ የተወለዱትና የቤተ ክህነት ትምህርት የተማሩት ዮፍታሔ ንጉሤ ግጥምና ዜማ ያጣመሩ ቴአትሮችን እየደረሱ ተማሪዎችን አሠልጥነው ለሕዝብ ያሳዩ ነበር።

የመድረክ ሙያ ወደ ቴሌቪዥን የተሸጋገረበት ጉልህ ምሳሌ ደግሞ የተስፋዬ ሣህሉ ሥራ ነው። በ1915 ዓ.ም. በባሌ የተወለዱት እኒህ ተዋናይ፣ ሴቶች ወደ መድረክ ባልወጡበት ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይ ሆነው እስከ መጫወት የደረሱ የቴአትር ሰው ነበሩ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሲቋቋም የልጆችን ዝግጅት ያዙ፤ ከአርባ ዓመታት በላይም አቀረቡ። ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. እስካረፉበት ጊዜና ከዚያም በኋላ ሕዝቡ የሚያውቃቸው «አባባ ተስፋዬ» በሚለው ስም ነው። ድምፅ እየለወጡ ተረት መተረክን፣ መዝፈንንና ማሣቅን ከመድረክ ይዘው መጡ። ልጆችንም በዙሪያቸው አስቀምጠው ስለሚያጫውቱ፣ በቤቱ ሆኖ የሚያየው ልጅ ራሱን ከተቀመጡት እንደ አንዱ ይቈጥር ነበር።

በ2006 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን መታየት የጀመረችው ቀጭኔይቱ አሻንጉሊት ፀሐይም የዚህ ዐይነት ሥራ ተከታይ ናት። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን ይህን ዝግጅት ከጀመሩት አንዷ ብሩክታዊት ጥጋቡ ቀድሞ መምህርት ነበሩ።

ከመድረክ ወደ ቴሌቪዥን ሲሻገር የሚለወጠው ምንድን ነው?

ለዚህ ጥያቄ በዓለም ከታወቁት ምሳሌዎች አንዱ በአይስላንድ ይገኛል። የአካል እንቅስቃሴ ስፖርት ሻምፒዮን የነበሩት ማግኑስ ሼቪንግ ስለ አንዲት የሰነፎች ከተማ የሕፃናት መጽሐፍ ጻፉ፤ ታሪኩ በ1996 እ.ኤ.አ. ሙዚቃዊ ቴአትር ሆነ፤ በ1999 እ.ኤ.አ. ሁለተኛ ቴአትር ተከተለው። በ2004 እ.ኤ.አ. ደግሞ «ሌዚ ታውን» በሚል ስም የቴሌቪዥን ዝግጅት ሆኖ ወደ ብዙ አገሮች ተዳረሰ። መልእክቱ ልጆች እንዲንቀሳቀሱና ፍራፍሬና አትክልት እንዲመገቡ ማበረታታት ነበር።

ሁለቱንም ያዩ ተመልካቾች የሚወያዩት በለውጡ ላይ ነው። በአገሩ ቋንቋ ስሟ «ግትሯ ሶላ» የሆነው ልጅ በቴሌቪዥኑ መደነስ የምትወድ ቀልጣፋ ሆናለች። እንደ ተረት ፍጡር ሆኖ የቀረበው ስፖርተኛም በአየር መርከብ የሚኖር ጀግና ሆኗል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የመድረክ ታሪክ አንድ ጊዜ ተጀምሮ አንድ ጊዜ ስለሚፈጸም ገጸ ባሕርይዋ ከግትርነት ወደ ቅልጥፍና ልትለወጥ ትችላለች። በየሳምንቱ የሚቀጥል ዝግጅት ግን በየጊዜው ከዚያው ቦታ የሚነሡ፣ ጠባያቸው የማይናወጥ ሰዎች ያስፈልጉታል። በተጨማሪም የመድረክ ተዋናይ የተመልካቹን ሣቅና ዝምታ እየሰማ አጨዋወቱን ያስተካክላል፤ ካሜራ ግን ፊትን አቅርቦ ቢያሳይም የተመልካቹን ድምፅ አይሰማም።

የላስታ ልጅ የሚያውቀው

በዚህ ረገድ የላስታ ልጅ ባዶ እጁን ወደ ክፍል አይገባም። ከነሐሴ 16 ቀን ጀምሮ በላስታ አሸንድዬ፣ በዋግ ሻደይ፣ በራያ ቆቦ ሶለል በሚባለው በዓል ልጃገረዶች የአሸንድዬ ቄጠማ በወገባቸው አስረው፣ ከበሮ እየመቱ ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ። አንዷ ታቀነቅናለች፤ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ ግጥሙም እንደ ባለቤቱ ሁኔታ ይለዋወጣል። በላሊበላም ታኅሣሥ 29 ቀን በሚከበረው የልደት በዓል ካህናት ከቤተ ማርያም ዙሪያ ካለው ዓለት አናትና ከሥሩ ሆነው «ቤዛ ኵሉ»ን ሲቀባበሉ ሕፃናት ያያሉ። መቀባበል፣ ተራ መጠበቅ፣ ለተመልካች መልስ መስጠት ለእነርሱ እንግዳ አይደሉም።

አሸንድዬም ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በአደባባይ መድረክና በቴሌቪዥን ይታያል። የጎረቤትን ስም እየጠራች ስትዘፍን ያደገች ልጅ ይህንኑ በመድረክ ብታይ የቀረውንና የተጨመረውን ለይታ መናገር ትችላለች። በዚህ ጉዳይ ዐዋቂዋ እርሷ ናት።

ለመምህራን የሚጠቅም አካሄድ

ቴሌቪዥን በሌለበት ትምህርት ቤትም በአንድ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ የሚከተለውን መሥራት ይቻላል።

አንደኛ፤ ተማሪዎች አንድ የታወቀ ተረት ወይም የበዓል ጨዋታ በአጭሩ ተጫውተው ያሳያሉ።

ሁለተኛ፤ መምህሩ ጥቁር ሰሌዳውን ለሁለት ከፍሎ በአንዱ ወገን «ባየነው»፣ በሌላው «በካሜራ ቢቀረጽ» ብሎ ይጽፋል። ተማሪዎች ምን እንደሚቀር፣ ምን እንደሚጨመርና ምን ጎልቶ እንደሚታይ ይናገራሉ።

ሦስተኛ፤ እያንዳንዱ ተናጋሪ «ወደድሁት» ወይም «ጠላሁት» ብሎ እንዳያበቃ ምክንያቱን ይጠየቃል። የሚቃወመውም አስቀድሞ የጓደኛውን አሳብ በራሱ ቃል ይደግማል።

መምህሩ የትኛው እንደሚበልጥ ከመፍረድ መቈጠብ አለበት። ፍርዱ ከተሰጠ ውይይቱ ያልቃልና።

መደምደሚያ

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ትምህርት በራዲዮና በቴሌቪዥን ተሰራጭቶ ነበር። መብራትና መሣሪያ በሌለበት የገጠር ቤት ያለ ልጅ ግን የዚህ ተካፋይ ሊሆን አልቻለም። ዐቃጆች ሥርጭቱን ብቻ እንደ ትምህርት ቢቈጥሩ የደጋው ልጅ ሁልጊዜ ኋለኛ ይሆናል፤ የራሱን ጨዋታም እንደ ኋላ ቀርነት ማየት ይጀምራል። ስለዚህ ለልጆች የሚዘጋጅ ማንኛውም የቴሌቪዥን ትምህርት ያለ ቴሌቪዥን በክፍል ውስጥ ሊጫወቱት የሚችሉት አጭር ድርሰትና የመወያያ ጥያቄዎች አብረውት ቢታተሙ፣ ሥርጭቱ ያልደረሰበት ትምህርት ቤት ከትምህርቱ አይጐድልም።