ሁለት ዲስክ ተጎድቷል ሲባል፦ አንዱን መቀየር፣ ሌላውን ማጣበቅ ምን ማለት ነው?



ዛሬ ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር ስለምትጠይቁኝ የወገብ ዲስክ እናወራለን። ትንሽ ረዘም ይላል፤ ወገቡን የሚያመው ዘመድ ካላችሁ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ከወራት በፊት ነቀምቴ ውስጥ አንድ የአይሱዙ ሹፌር ከአባቱ ጋር ሊያየኝ መጣ። (ማንነታቸው እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ።) ዕድሜው ወደ አርባ ይጠጋል፤ ከጊምቢ አዲስ አበባ ቡና ያመላልሳል። ወገቡን ካመመው ስምንት ወር ሆኖታል። የኤምአርአይ ውጤቱን ፎቶ አንስተው በቴሌግራም ውጭ አገር ላለ ሆስፒታል ልከው ነበር። መልሱ የመጣው በአንድ ገጽ ነው፦ ሁለት ዲስክ ተጎድቷል፣ "ሃይብሪድ ሰርጀሪ" ያስፈልጋል፣ ዋጋው ይህን ያህል ዶላር።

አባትየው ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና "ዶክተር ልጄ፣ የቡና መሬቱን ልሸጥለት ነው። ልሽጥ ወይስ አልሽጥ?" አሉኝ።

እኔ ጠቅላላ ሀኪም ነኝ፤ የጀርባ ቀዶ ህክምና አልሰራም። ግን መሬት ከመሸጡ በፊት ወረቀቱ ላይ ያለው ቃል ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት የኔ ስራ ነው። ለእሳቸው ያስረዳሁትን ለእናንተም ልንገራችሁ።

👉 ዲስክ ምንድን ነው?

ወገባችን ላይ አምስት አከርካሪ አጥንቶች አሉ። በአጥንቶቹ መካከል እንደ ትራስ የተቀመጠው ነገር ዲስክ ይባላል። ውጪው ጠንካራ፣ ውስጡ ለስላሳ ነው። ስንቀመጥ፣ ስንጎነበስ፣ ኩንታል ስናነሳ ጫናውን የሚቀበለው እሱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዱት የታችኞቹ ሁለቱ ናቸው፦ በ4ኛውና በ5ኛው አጥንት መካከል ያለው፣ እና 5ኛው ከዳሌ አጥንት ጋር በሚገናኝበት ቦታ ያለው።

👉 ማጣበቅ (ፊውዥን)

የተጎዳው ዲስክ ይወጣና ሁለቱ አጥንቶች በብሎንና በዘንግ ታስረው፣ በመሃላቸው አጥንት ይደረጋል። ከወራት በኋላ ሁለቱ አንድ አጥንት ይሆናሉ። እዚያ ቦታ ላይ እንቅስቃሴ ስለሌለ፣ ህመሙ ከእንቅስቃሴው የሚመጣ ከነበረ ይቀንሳል። በተለይ አንዱ አጥንት በሌላው ላይ ወደፊት ለተንሸራተተበት ሰው ጥሩ ህክምና ነው።

ችግሩ ምንድን ነው? የቆመው ቦታ ስራ ወደ ጎረቤቱ ይሄዳል። ከነቀምቴ መናኸሪያ ወደ ጊምቢ ሁለት መኪና ይወጣ ከነበረና አንዱ ከቆመ፣ ሰዉ ሁሉ በሌላው ላይ ይጫናል አይደል? ከተጣበቀው አጥንት በላይ ያለው ዲስክም እንደዚያ ነው፤ በዓመታት ውስጥ እሱም ሊጎዳ ይችላል።

👉 ዲስክ መቀየር

ይህን ጫና ለመቀነስ ተብሎ የመጣው ሰው ሰራሽ ዲስክ ነው። ከላይና ከታች ብረት፣ ብዙ ጊዜ በመሃሉ ጠንካራ ፕላስቲክ ያለው ሲሆን እንደ መገጣጠሚያ ይንቀሳቀሳል። በስፋት የታወቀው የመጀመሪያው "ቻሪቴ" የሚባለው ዲስክ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1984 በምስራቅ በርሊን ለታካሚ ተገጠመ። ከሰሩት ሁለት ሀኪሞች አንዷ ካሪን ቡትነር-ያንዝ ናት። እሷ ደግሞ በ1972 የሙኒክ ኦሎምፒክ፣ የኛው ማሞ ወልዴ በማራቶን ነሐስ ባገኘበት፣ በጂምናስቲክ ሁለት ወርቅ የወሰደች ስፖርተኛ ነበረች! የአሜሪካ የመድኃኒት ቁጥጥር ቻሪቴን በ2004፣ "ፕሮዲስክ" የተባለውን ደግሞ በ2006 ፈቅዷል።

ሰው ሰራሽ ዲስክ የሚገባው በጀርባ ሳይሆን በሆድ በኩል ነው። ከአከርካሪው ፊት ለፊት ትልልቆቹ የደም ስሮች ስላሉ ልምድ ያለው ቡድን ይፈልጋል። በኋላ ችግር ቢፈጠርና ዲስኩ ይውጣ ቢባል፣ ሁለተኛው ቀዶ ህክምና ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ ቦታው ጠባሳ ይይዛልና።

👉 ታዲያ "ሃይብሪድ" ምንድን ነው?

ሁለቱን በአንድ ሰው ላይ ማድረግ ነው። ብዙ ጊዜ የታችኛው ዲስክ በጣም አርጅቶ፣ ከኋላ ያሉት ትንንሽ መገጣጠሚያዎችም ተበልተው ይገኛሉ። እዚያ ሰው ሰራሽ ዲስክ ቢገባ አይጠቅምም፤ ስለዚህ ይጣበቃል። ከላዩ ያለው ደግሞ ዲስኩ ብቻ ተጎድቶ መገጣጠሚያዎቹ ደህና ከሆኑ፣ እሱ ይቀየራል። ሀሳቡ "ሁለቱንም ከማሰር አንዱ ይንቀሳቀስ፣ ከላይ ላለው ጎረቤትም ጫናው ይቀንስ" ነው።

ሀሳቡ ምክንያታዊ ነው፤ በተመረጡ ሰዎች ላይ ጥሩ ውጤት አሳይቷል። ግን ሁለቱንም ከማጣበቅ ይበልጣል ብሎ ለሁሉም ሰው መማል አይቻልም። ቁልፉ "በተመረጡ ሰዎች" የሚለው ነው።

ዲስክ መቀየር የማይሆንላቸው፦
❌ አጥንታቸው የሳሳ
❌ አከርካሪያቸው የተንሸራተተ ወይም የተጣመመ (በዚያው ቦታ)
❌ የኋላ መገጣጠሚያቸው የተበላ
❌ የአከርካሪ ኢንፌክሽን ያለባቸው። በአገራችን የአከርካሪ ቲቢ ብርቅ አይደለም። ያልተፈላ ወተት በሚጠጣበት አካባቢ ደግሞ ብሩሴላም አለ። ሁለቱም በመድኃኒት የሚታከሙ ሆነው ሳለ "ዲስክ ነው" ተብለው ወራት ያልፋቸዋል።

ሲጋራ የምታጨሱም ስሙኝ፦ ሲጋራ አጥንቱ እንዳይጣበቅ ያደርጋል። ብሎኑ ገብቶ፣ ገንዘቡ ወጥቶ፣ አጥንቱ ሳይያያዝ ሊቀር ይችላል።

👉 ከሁሉም በላይ ግን ይህን ያዙልኝ

ኤምአርአይ ላይ የታየ ነገር ሁሉ የህመሙ ምክንያት አይደለም! እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ምንም የወገብ ህመም የሌላቸውን ከ3,000 በላይ ሰዎች ምስል ሰብስቦ አየ። በ20 ዓመት ዕድሜ ካሉት 37 በመቶው፣ በ80 ዓመት ካሉት 96 በመቶው ያረጀ ዲስክ ነበራቸው። አንድም ቀን ወገቤን ሳይሉ! ልክ እንደ ሽበት ማለት ነው። ስለዚህ ሰውየውን ሳያዩ፣ ሳይነኩ፣ እግሩን ሳይፈትሹ በፎቶ ብቻ "ሁለቱም ይነሱ" ማለት ትክክል አይደለም።

ሹፌራችንን ስፈትሸው የእግሩ ጉልበት ደህና ነው፤ ሽንቱም ችግር የለበትም። ትኩሳትና ክብደት መቀነስም የለውም። በስምንት ወር ውስጥ የወሰደው ህክምና ከፋርማሲ የተገዛ የዳይክሎፌናክ መርፌ እና ወጌሻ ጋር መታሸት ነው። አንድ ቀን እንኳን ፊዚዮቴራፒ አልሄደም። ይህ ሁሉ ሳይሞከር ነው እንግዲህ መሬት ሊሸጥ የነበረው።

አባቱን "አሁን አይሽጡ" አልኳቸው። "መጀመሪያ ስፔሻሊስት በአካል ይየው።"

👉 የት ልሂድ?

የነርቭ ቀዶ ሀኪም ስልጠና በአገራችን፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጥቁር አንበሳ፣ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ከኖርዌይ በርገን ጋር በመተባበር ማለት ነው። ዛሬ እዚያ የሰለጠኑ ሀኪሞች አሉን። ከነቀምቴ፣ ከሻምቡ፣ ከነጆ ወይም ከደምቢ ዶሎ ተነስታችሁ አዲስ አበባ ስትሄዱ መንገዱ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ አንዴ ስትሄዱ ተዘጋጅታችሁ ሂዱ፦

✅ የኤምአርአዩን ሲዲ ያዙ፤ ወረቀቱ ብቻ አይበቃም
✅ የሪፈር ወረቀትና የወሰዳችሁትን መድኃኒት ዝርዝር ያዙ
✅ መኪና ውስጥ ረጅም ሰዓት አትቀመጡ፤ በየመሃሉ ወርዳችሁ ተራመዱ

ሀኪሙን ደግሞ እነዚህን ጠይቁ፦
1. ህመሜ ከየትኛው ዲስክ ነው የሚመጣው? በምን ታወቀ?
2. ፊዚዮቴራፒ በሚገባ ሞክሬያለሁ ወይ?
3. ለምን ሁለቱም? አንዱ ብቻ ቢሰራስ?
4. የአጥንቴ ጥንካሬ ተለክቷል?
5. እርስዎ ይህን ቀዶ ህክምና ምን ያህል ጊዜ ሰርተዋል?
6. ውጭ አገር ከሆነ፦ ተመልሼ ስመጣ ማን ይከታተለኛል? ብሎኑ ወይም ዲስኩ ችግር ቢያመጣ የት እሄዳለሁ?

ስድስተኛውን ጥያቄ አትዝለሉት። የአውሮፕላን ቲኬቱ ደርሶ መልስ ነው፤ ብረቱ ግን ከናንተ ጋር ይቀራል።

🔴 ቀን የማይሰጡ ምልክቶች

በሁለቱ እግሮች መሃል (ኮርቻ ላይ ስንቀመጥ የሚነካው ቦታ) መደንዘዝ፣ ሽንት እምቢ ማለት ወይም ሽንትና ሰገራ ማምለጥ፣ እግር እየሰነፈ መሄድ፦ እነዚህ ካሉ የዛኑ ቀን ሆስፒታል! ወጌሻ ጋር አትሂዱ፣ አታሳሹ። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ ወይም ማታ የማያስተኛ ህመም ካለም ቶሎ ታዩ።

እነዚህ ከሌሉ ግን አብዛኛው የዲስክ ህመም ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ያለ ቀዶ ህክምና እየተሻለው ይሄዳል።

ሹፌሩስ? አዲስ አበባ የነርቭ ቀዶ ሀኪም አየው። የላይኛው ዲስክ መነካት አያስፈልገውም ተባለ። የታችኛው በፊዚዮቴራፒ ይሞከርና ካልሆነ ማጣበቅ ይታሰባል ተባለ። ሶስት ወር ሰራ። ሙሉ በሙሉ ድኗል አልልም፤ አዲስ አበባ ድረስ መንዳት አሁንም ይከብደዋል። አጭር መንገድ ግን ይነዳል፤ ኬሻ መጫን ትቷል። ምናልባት አንድ ቀን ቀዶ ህክምናው ያስፈልገው ይሆናል፤ ያኔ ግን የሚሰራው በምርመራ የተለየው አንድ ቦታ ነው።

አባትየው በቀደም ደወሉልኝ። ስለ ልጃቸው ከነገሩኝ በኋላ "ቡናው ዘንድሮ ጥሩ ይዟል" አሉኝ። መሬቱ አለ ማለት ነው። 🙏

ጥያቄ ያላችሁ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። የኤምአርአይ ፎቶ ግን አትላኩልኝ፤ ሳላያችሁ ምንም አልልም። ለሚመለከተው ሰው ሼር አድርጉት።