ጭፈራው ሲታገድ ወጣቱ ወዴት ይሄዳል?

ከወጣቶችና ከወላጆች ጋር በምናደርገው ውይይት አንድ ጥያቄ ሳይነሳ አያልፍም። ወላጆች «ልጆቻችንን ለኤች አይ ቪ የሚያጋልጠው የምሽት ጭፈራ ከሆነ ለምን አይዘጋም?» ይሉናል። ወጣቶቹ ደግሞ «ታዲያ የት ሄደን ፈታ እንበል?» ይላሉ። እኔም በዚህ ጊዜ ሶሺዮሎጂ ስማር ያነበብኩት የኤሌክትሮኒክ ዳንስ ሙዚቃ ታሪክ ትዝ ይለኛል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

እንዴት ተነሳ?

ነገሩ የሚጀምረው ከመገለል ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካዋ ቺካጎ ጥቁሮች፣ የላቲን አሜሪካ ተወላጆችና በጾታዊ ዝንባሌያቸው የተገለሉ ወጣቶች «ዌርሀውስ» በተባለ ክለብ ይሰበሰቡ ነበር። ዲጄው ፍራንኪ ናክልስ ነው። «ሀውስ» የሚለው የሙዚቃ ስምም ከዚሁ ክለብ እንደመጣ ይነገራል።

ሁለተኛው ምክንያት የመሣሪያ ርካሽነት ነው። የጃፓኑ ሮላንድ ኩባንያ የሠራቸው የከበሮና የቤዝ ማሽኖች ገበያ አጥተው፣ ያገለገሉት በርካሽ ይሸጡ ነበር። ባንድ ማቋቋም ያልቻለ ልጅ እነሱን ገዝቶ እቤቱ ቁጭ ብሎ ሙዚቃ ሠራ።

ሙዚቃው እንግሊዝ ሲደርስ ከ1988 ጀምሮ ወጣቶች በባዶ መጋዘኖችና በእርሻ ማሳዎች ላይ እስኪነጋ መጨፈር ያዙ። ይህ ጭፈራ «ሬቭ» ይባላል።

ለምን ቀዘቀዘ?

አንደኛ፣ አደንዛዥ ዕፅ ገባበት። «ኤክስታሲ» የተባለው እንክብል ድካምን ያስረሳል፣ የሰውነትን ሙቀት ከመጠን በላይ ያንራል። ሕይወታቸውን ያጡ ወጣቶችም ነበሩ። ራሱን ያልተቆጣጠረ ሰው ደግሞ ስለ ኮንዶም ማሰቡም ያጠራጥራል።

ሁለተኛ፣ ሕግ መጣ። በ1990 ያለፈቃድ ጭፈራ በሚያዘጋጁ ላይ ቅጣቱ እስከ 20 ሺህ ፓውንድ ከፍ አለ። በግንቦት 1992 ካስልሞርተን በተባለ ገጠር ከ20 ሺህ በላይ ወጣቶች ለቀናት ሲጨፍሩ ከረሙ። በ1994 የወጣው ሕግ ፖሊስ ተደጋጋሚ ምት ያለው ሙዚቃ የሚጮህበትን የሌሊት ስብሰባ እንዲበትን ሥልጣን ሰጠው።

ሦስተኛ፣ ገንዘብ። ጭፈራው ፈቃድ ወዳላቸው ትልልቅ ክለቦች ገባ፤ መግቢያ ተከፈለበት። «ይሄ የኛ ነው» የሚለው ስሜት ተሸረሸረ።

አራተኛ፣ ዕድሜ። የመጀመሪያዎቹ ጨፋሪዎች ሥራና ትዳር ያዙ። ታናናሾቻቸውም የራሳቸውን ሙዚቃ ፈለጉ።

ልብ በሉ! ሕጉ የሜዳውን ጭፈራ ቢያዳክምም ጭፈራውንም ሆነ እንክብሉን አላጠፋም። ሁለቱም ቦታ ቀየሩ እንጂ።

ታዲያ ምን ጠቀመ?

በ1990ዎቹ መጀመሪያ በማንቸስተር ከተማ ሌላ መንገድ ተሞከረ። ክለቦች ነጻ የመጠጥ ውሃና ቀዝቀዝ ያለ ማረፊያ እንዲያዘጋጁ፣ ወጣቱም ስለ ዕፁ ጉዳት ትክክለኛውን መረጃ እዚያው እንዲያገኝ ተደረገ።

ከዚያም በፊት፣ በ1982፣ ቫይረሱ ገና ተለይቶ ሳይታወቅ፣ በኒው ዮርኩ «ፓራዳይዝ ጋራዥ» ክለብ ለሕሙማኑ መርጃ የሚሆን የገንዘብ ማሰባሰቢያ ምሽት ተካሂዷል። ክለቡ በ1987 ተዘጋ፤ ባለቤቱ ማይክል ብሮዲም በዚያው ዓመት በኤድስ ሕይወቱ አለፈ። በሽታው የጨፋሪዎቹን ቤት አንኳኩቷል። ስለ በሽታው የሚነገረው ነገርም የመጣው እዚያው፣ ከሚጨፍሩበት ቤት ነበር።

እኔ ከዚህ የምረዳው አንድ ነገር ነው። ቤቱ ቢዘጋ ወጣቱ አብሮ አይዘጋም። ወደማናየው ጓዳ ይገባል፤ እዚያ ደግሞ መካሪም ኮንዶምም የለም። ስለዚህ እኛ ባለሙያዎች ወጣቱ ወዳለበት መሄድ አለብን።

አንተም ወንድሜ፣ አንቺም እህቴ፣ ውሳኔያችሁን ከቤት ሳትወጡ ወስኑ። ከምታምኑት ጓደኛ ጋር ሂዱ፣ አብራችሁ ተመለሱ። ያላችሁበትን ሁኔታ ተመርምራችሁ እወቁ። ከዚያ በኋላ ጨፍሩ!